ተቀናሽ ስንት ዓይነት ነው?
(ቆቦ ላይ ተሳስተን ስለ ተማርነው ሒሳብ)

ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው አዋቂ ስለ ሆንን አይደለም። ተሳስተን ስላስተማርን ነው። ነገሩ እንዴት እንደ ተነሣ ከመጀመሪያው እንናገር።

ዘንድሮ፣ በ2018 ዓ.ም.፣ እኛ አምስት የሒሳብ ዕጩ መምህራን ለማስተማር ልምምድ ቆቦ ወርደን ነበር። ቆቦን ለማታውቁ፣ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች፣ በስተምሥራቋ የዞብል ተራራ የሚታይባት፣ ዙሪያዋን ማሽላና ጤፍ የሚዘራባት የራያ ቆላ ከተማ ናት። ሙቀቱ ለደገኛ አይመችም። ከአምስታችን ሦስታችን ደገኞች ስለ ነበርን፣ ከሰዓት በኋላ ማን እንደሚያዳምጥና ማን እንደሚያንቀላፋ መለየት ያስቸግር ነበር። ስሕተታችንንም በሙቀቱ ልናሳብብ ሞክረን ነበር። ግን እውነቱን ለመናገር ስሕተቱ የመጣው ካለማወቅ ነው።

የዕለቱ ትምህርት የ7ኛ ክፍል መቶኛ ነበር። አንዳችን ሰሌዳው ፊት ቆሟል፤ አራታችን ደግሞ የምልከታ ቅጽ ይዘን ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠናል። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና እንዲህ ስትል ጠየቀች፤ «ቲቸር፣ እማዬ ደመወዝ ተጨምሮላት ‹ጭማሪው ወደ 30 በመቶ አስገባኝ፤ ግብሩ ጭማሪውን በላው› ትላለች። ደመወዝ ሲጨመር እጅ ላይ የሚደርሰው ይቀንሳል እንዴ?»

ጓደኛችን ጥያቄውን ወደደው። «ለምሳሌ 9,800 ብር የነበረ ደመወዝ 10,400 ቢሆን» ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። 9,800 በ25 በመቶ ሲባዛ 2,450 ብር፤ 10,400 በ30 በመቶ ሲባዛ 3,120 ብር። ግብሩ በ670 ብር ጨመረ፤ ደመወዙ ግን የጨመረው 600 ብር ብቻ ነው። «ስለዚህ እናትሽ ልክ ናቸው፤ 70 ብር ከስረዋል» አላት። ክፍሉ «እህ!» አለ። እኛ አራታችንስ? በምልከታ ቅጻችን ላይ «ከተማሪዎች ሕይወት ጋር የተገናዘበ ጥሩ ምሳሌ» ብለን ጻፍን። ቅጾቹ አሁንም አሉ፤ ማየት የሚፈልግ ይጠይቀን።

ማታ አብሮን የወረደው መምህራችን ቅጾቹን ሲያገላብጥ ቆየና «ለመሆኑ ግብር የማይነካው 2,000 ብር የት ገባ?» ሲል ጠየቀን። ማናችንም አልመለስንም። በማግስቱ አንድ ሒሳብ ሹም ዘንድ ሄደን፣ ስሙ የተሸፈነ ፔሮል አሳዩን ብለን ለመንናቸው። ከዚህ በታች ያለው ትምህርት ከዚያ ጠረጴዛ ላይ የተጀመረ ነው።

የደመወዝ ግብር በአንድ መጣኔ ከጠቅላላው ላይ የሚነሳ አይደለም። በየእርከኑ የሚሰላ ነው። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት፣ የወር ደመወዝ እንዲህ ይከፈላል። የመጀመሪያው 2,000 ብር ምንም አይከፈልበትም። ከ2,000 በላይ እስከ 4,000 ባለው ክፍል ላይ 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ባለው ላይ 20፣ እስከ 10,000 ባለው ላይ 25፣ እስከ 14,000 ባለው ላይ 30፣ ከዚያ በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ይከፈላል። «ክፍል» የምትለዋን ቃል አስምሩባት። ደመወዙ 10,400 ብር የሆነ ሰው 30 በመቶ የሚከፍለው ከ10,000 በላይ ባለችው በ400 ብሯ ላይ ብቻ ነው። የታችኛው ብር የቀድሞ መጣኔውን እንደ ያዘ ይቀመጣል።

ሒሳብ ሹሞች ግን እርከን በእርከን እየደመሩ አይውሉም። አቋራጭ አላቸው። ጠቅላላውን በላይኛው መጣኔ አባዝተው አንድ ቁጥር ይቀንሳሉ። ያም ቁጥር በሠንጠረዡ ላይ «ተቀናሽ» ይባላል። ለ15 በመቶ 300 ብር፣ ለ20 በመቶ 500፣ ለ25 በመቶ 850፣ ለ30 በመቶ 1,350፣ ለ35 በመቶ 2,050 ብር ነው። ከየት መጣ ለሚል፣ የ850ውን ብቻ እንየው። በ25 በመቶ ሁሉን ስናባዛ፣ ምንም ሊከፈልበት ከማይገባው 2,000 ብር ላይ 500 ብር በትርፍ ወስደናል፤ 15 በመቶ ከሚገባው 2,000 ብር ላይ 200 ብር፣ 20 በመቶ ከሚገባው 3,000 ብር ላይ 150 ብር በትርፍ ወስደናል። ድምሩ 850። ይህ ቁጥር እንግዲህ በአቋራጩ ምክንያት ያለአግባብ የተወሰደውን የሚመልስ እንጂ መንግሥት የሚቸረው ስጦታ አይደለም።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ እንመለስ። በ9,800 ብር ግብሩ 2,450 ሲቀነስ 850፣ ማለትም 1,600 ብር ነው። በ10,400 ብር ደግሞ 3,120 ሲቀነስ 1,350፣ ማለትም 1,770 ብር። ግብሩ የጨመረው በ170 ብር ነው። የጡረታ መዋጮውም በ42 ብር ይጨምራል። ከ600 ብሩ ጭማሪ 388 ብር እጅ ላይ ይደርሳል። እናትየው አልከሰሩም። ያከሰርናቸው እኛ ነን፤ ያውም በሰሌዳ ላይ።

በሦስተኛው ቀን ጓደኛችን እዚያው ክፍል ተመልሶ «ትናንት ወዲያ ያስተማርኳችሁ ስሕተት ነበር» ብሎ ጀመረ። ተማሪዎቹ ይስቁብናል ብለን ፈርተን ነበር፤ አልሳቁም። ልጅቷ ግን «እማዬ ግን ልክ ነኝ ብላ ለጎረቤት ሁሉ ነግራለች» አለች። ይሄ ቆረጠን። አንድ የተሳሳተ ቁጥር ከክፍል ከወጣ በኋላ በእግሩ እንደሚሄድ አላሰብንም ነበር።

ነገሩን እየቆፈርን ስንሄድ ችግሩ ሒሳቡ ብቻ ሳይሆን ቃሉም ጭምር መሆኑን ተረዳን። በአማርኛችን «ተቀናሽ» ሲባል ሁላችንም የምናስበው ከደመወዝ ላይ የሚነሳውን ነው፤ ግብር፣ ጡረታ፣ የመምህራን ማኅበር፣ ቁጠባና ብድር፣ ዕድር። በግብር ሕግ ግን ተቀናሽ ማለት ሌላ ነው፤ ግብር ከመሰላቱ በፊት ከገቢው ላይ የሚነሳ፣ ለከፋዩ የሚጠቅም ማለት ነው። የመጀመሪያው ከኪስ ያወጣል፣ ሁለተኛው ኪስ ውስጥ ያስቀራል። ሠንጠረዡ ላይ ያለው 850 ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት መሆኑ ነው። አንድ ቃል ሦስት ሥራ ሲሠራ ሰው ቢደናገር አይፈረድበትም።

ከዚህ መደናገር የመጣ አንድ ስሕተት በእኛም መካከል ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ ለጡረታ ያዋጣል፤ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ይጨምርለታል። ከአምስታችን ሦስታችን «ጡረታው መጀመሪያ ይነሳና ግብሩ በቀሪው ላይ ይሰላል» እንል ነበር። በ9,000 ብር ደመወዝ እንሞክረው። ጡረታው 630 ብር ነው። እኛ እንዳልነው ቢሆን ግብሩ በ8,370 ላይ ተሰልቶ 1,242 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆን ነበር። ፔሮሉ ላይ ግን ግብሩ በሙሉ በ9,000 ላይ ተሰልቶ 1,400 ብር ነው፤ እጅ ላይ የሚደርሰው 6,970 ብር። የ157 ብር ከ50 ልዩነት ያለው ሰው «ሒሳብ ሹሙ በላኝ» ብሎ ሊጣላ ይችላል። ሒሳብ ሹሙም ከዚህ በፊት እንደዚያ ብሎ የመጣባቸው እንዳለ ስቀው ነግረውናል። በሌላ በኩል አሠሪው የሚጨምርልን 11 በመቶ፣ በዚህ ምሳሌ 990 ብር፣ እንደ ገቢያችን ተቆጥሮ ግብር አይከፈልበትም። ይህ በዓይናችን ሳናየው የሚቀርልን ነው።

ታዲያ ደመወዝተኛ የሚያስቀንሰው ነገር አለው ወይ? በአጭሩ፣ በጣም ጥቂት። ለሥራው ያወጣሁት ወጪ ብሎ ጫማውን፣ የቤት ኪራዩን፣ ለክፍል የገዛውን ወረቀት ማስቀነስ አይችልም። በ2003 ዓ.ም. ለሕዳሴው ግድብ መምህራን ከደመወዛቸው ያዋጡትም ከግብር በኋላ ካለው ገንዘብ ነው። በዓመቱ መጨረሻ የገቢ ማስታወቂያ የሚሞላም የለም፤ አሠሪው በየወሩ ቀንሶ ያስገባል፣ በዚያው ያልቃል። ያለው ትልቁ ጥቅም ያ ነፃ የሆነው የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። በ1994 ዓ.ም. አዋጅ 150 ብር ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 979/2008 ወደ 600 ከፍ አለ፤ በ2017 ዓ.ም. 2,000 ደረሰ።

ሆኖም ግብር የማይነካቸው ክፍያዎች አሉና እነሱን ማወቅ ይበጃል። አሠሪ ለሠራተኛው ሕክምና የከፈለው፣ በሥራ ውሉ መሠረት የሚሰጥ የትራንስፖርት አበል፣ ለሥራ ጉዞ የሚከፈል ውሎ አበል፣ አስቸጋሪ በሆነ ቦታ ለሚሠራ የሚሰጥ አበል፣ እነዚህ በሕጉና በመመሪያው ወሰን ውስጥ ሲሆኑ ከግብር ነፃ ናቸው። ነገ በየቆላው የምንመደብ ሰዎች ነንና የአስቸጋሪ ቦታ አበል የሚከፈልበት ቦታ ከደረሰን፣ ያ አበል ከደመወዝ ጋር ተደምሮ ግብር እንዳልተሰላበት ፔሮላችንን ማየት አለብን። የኃላፊነት ወይም የትርፍ ሰዓት ክፍያ ግን በመሠረቱ እንደ ደመወዝ ይቆጠራል። «አበል» ስለ ተባለ ብቻ ነፃ አይሆንም።

እዚህ ላይ ትንሽ ከአገር እንውጣ። ከመካከላችን የአንዷ አክስት አሜሪካ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የመምህር ረዳት ናቸው። እዚያ ደመወዝተኛው ራሱ እስከ ሚያዝያ ወር አጋማሽ ድረስ የዓመቱን የገቢ ማስታወቂያ ሞልቶ ያስገባል። መምህራንን በተመለከተ አንድ ለየት ያለ ነገር አላቸው። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ፣ በዓመት ቢያንስ 900 ሰዓት የሠራ መምህር፣ ርእሰ መምህር ወይም ረዳት በገዛ ገንዘቡ ለክፍሉ የገዛውን ዕቃ ከገቢው ላይ እንዲቀንስ ተፈቅዶለታል። መጠኑ በመጀመሪያ እስከ 250 ዶላር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 300 ከፍ ብሏል። አክስትየው ግን ለሦስት ዓመት ያህል ሳያስቀንሱ ቀርተዋል፤ «ለመምህር እንጂ ለረዳት መች ይሆናል» ብለው ገምተው። መብቱ ነበራቸው፤ ያጡት በግምት ነው። እኛም ይህን ስንሰማ በልምምዱ ወቅት ከኪሳችን የገዛናቸውን ሰፋፊ ወረቀቶችና ማርከሮች ቆጠርን፤ በአገራችን ሕግ ለኛ የሚቀነስ ስለሌለ ግን ቆጥረን ተውነው።

በኢትዮጵያ የሁለተኛው ዓይነት ተቀናሽ ቁም ነገር ያለው በነጋዴው ዘንድ ነው። ይህን ያስተማረን ከአምስታችን አንዱ፣ ቆቦ ተወልዶ ያደገው ጓደኛችን ነው። አባቱ በከተማው ትንሽ የሸቀጥ ሱቅ ነበራቸው። ታሪኩ የ2011 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ እርሱ የ13 ዓመት ልጅ ነበር። ሱቁ በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ ዕቃውም ወረቀቱም ጠፍቷል፤ የሽያጭና የወጪ ደብተሩን ግን እናቱ ከልብስ ጋር ጠቅልለው ይዘውት ስለ ወጡ ተርፏል። ስሌቱን የሠራነው ከዚያ ደብተር ላይ ነው፤ ቁጥሮቹን ለትምህርት እንዲመቹ አጠጋግተናቸዋል።

የዓመቱ ሽያጭ 600,000 ብር። ሸቀጡ የተገዛበት 510,000 ብር። ስለዚህ ከዕቃው የተገኘው ልዩነት 90,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ የሱቅ ኪራይ 24,000፣ ከወልድያና ከደሴ ዕቃ ማስጫኛ 9,000፣ የጥበቃ 6,000፣ የመብራትና የፈቃድ ማሳደሻ 3,000 ብር ወጥቷል። ድምሩ 42,000። እውነተኛው ትርፍ እንግዲህ 48,000 ብር ነበር።

በወቅቱ ይሠራበት በነበረው በ2008ቱ አዋጅ መጣኔ፣ በ48,000 ብር ዓመታዊ ትርፍ ላይ ግብሩ 20 በመቶ ተባዝቶ 3,630 ሲቀነስ 5,970 ብር ነው። ነገር ግን አባትየው ግብራቸውን ሊያሳውቁ ሲሄዱ በእጃቸው የነበረው የጅምላ ነጋዴው ደረሰኝ ብቻ ነበር። የኪራዩ ውል በቃል ነው። ለጫኚውና ለጥበቃው የተከፈለው ከእጅ ወደ እጅ ነው። የቀሩት ደረሰኞች ደግሞ… ጓደኛችን እዚህ ላይ ሲደርስ አንገቱን ደፋ። ደረሰኝ እያወጣ በርበሬና ሻይ ቅጠል ይጠቀልልባቸው የነበረው እሱ ነበር። ወረቀቱ ጠንካራ ስለ ሆነ ይመርጠው እንደ ነበር ነግሮናል።

ማስረጃ የሌለው ወጪ ተቀናሽ አይሆንም። ግብሩ በ90,000 ብር ላይ ተሰላ፤ 25 በመቶ ተባዝቶ 6,780 ሲቀነስ 15,720 ብር። ልዩነቱ 9,750 ብር ነው። በዚያ ዓመት የሱቁን ኪራይ ለአምስት ወር ያህል ሊከፍል ይችል ነበር። አባትየው ልጃቸውን አልተቆጡም፤ «ወረቀት መሆኑን እኔም አላወቅሁ» ብቻ አሉት። እኛ ግን እስቲ እንጠይቅ፤ 12 ዓመት የተማረ ሰው ሁሉ መቶኛ ተምሯል፤ ደረሰኝ ምን እንደሚሠራ ያስተማረው ማን ነው?

ነጋዴዎች የሚረሷቸው ሌሎችም ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ቅድመ ግብር ነው። ነጋዴው ለመሥሪያ ቤት ወይም ለድርጅት ዕቃ ሲሸጥ ገዢው ከክፍያው ላይ ጥቂት በመቶ፣ በ2008ቱ አዋጅ ሲደነገግ 2 በመቶ፣ ቀንሶ ለመንግሥት ያስገባና ደረሰኝ ይሰጠዋል። ይህ የጠፋ ገንዘብ አይደለም፤ በዓመቱ መጨረሻ ከሚከፈለው ግብር ላይ ይታሰባል። ደረሰኙ ከጠፋ ግን ሰውየው አንዱን ግብር ሁለት ጊዜ ሊከፍል ነው። ሁለተኛው ኪሳራ ነው። ያው አዋጅ በደንብ በተያዘ የሒሳብ መዝገብ የተረጋገጠ ኪሳራ ወደ ቀጣዮቹ ዓመታት፣ እስከ አምስት ዓመት፣ እንዲሻገርና ከትርፍ ላይ እንዲቀነስ ፈቅዷል። ጦርነት ላለፈበት የቆቦ ነጋዴ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ መዝገቡ ከሱቁ ጋር የጠፋበት ሰው ግን በምን ያረጋግጥ?

ማሳሰቢያ፤ የ2017ቱ ማሻሻያ የግብር ከፋዮችን ደረጃና የአነስተኛ ነጋዴዎችን አከፋፈል ጭምር ለውጧል። ስለዚህ ከላይ ያለውን የሱቅ ስሌት የ2011 ዓ.ም. አድርጋችሁ ብቻ ያዙት፤ ዛሬ ለሚጠይቃችሁ ነጋዴ እንደ መልስ እንዳትሰጡት። እኛ በአንድ ሳምንት ሁለተኛ ስሕተት አንፈልግም።

ገበሬውስ? የጠየቁን የደብር ጎረቤት አንድ አዛውንት ነበሩ። ዛሬ ገበሬው የሚከፍለው የመሬት መጠቀሚያና የእርሻ ገቢ ግብር የሚሰላው በይዞታው ስፋት ስለ ሆነ፣ ከተራራው የወረደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሽላውን ለማጠጣት ያወጣው ጉልበትና ገንዘብ በስሌቱ ውስጥ አይገባም። ቀድሞ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። በ1937 ዓ.ም. የመሬት ግብር አዋጅ መሬቱ ለም፣ ለም-ጠፍ እና ጠፍ ተብሎ ሲመደብ፣ የመሬቱ ድህነት ራሱ ግብሩን ያቀልል ነበር። በ1960 ዓ.ም. አሥራት ቀርቶ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅም ሐሳቡ ከገቢው ላይ የምርት ወጪ ተነስቶ እንዲሰላ ነበር፤ ዳሩ ግን ገማቾቹ ሲመጡ ሕዝቡ የሰማው ተቀናሹን ሳይሆን ልኬቱን ነው፤ በጎጃም የተነሣው ዓመፅም በዚሁ ነበር። አዛውንቱ ይህን ስንነግራቸው «የሚቀነስልኝን ማን ነግሮኝ ያውቃል፣ የሚቀነስብኝን እንጂ» አሉን።

ለሠልጣኞች አንድ የቤት ሥራ ትተን እንሰነባበት። አንድ መምህር ቀን በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት 9,000 ብር፣ ማታ በሌላ አሠሪ ዘንድ 1,800 ብር በወር ያገኛል። የማታው አሠሪ «ከ2,000 በታች ስለ ሆነ ግብር የለውም» ብሎ ሙሉውን ከፍሎታል። ፍንጭ ብንሰጥ፣ ነፃው 2,000 ብር ለአንድ ሰው በወር አንዴ ነው፤ የሁለቱ ቦታ ደመወዝ ይደመራል። መምህሩ የስንት ብር ግብር ቀርቶበታል? ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ወረቀት ሠርታችሁ እስከ መጪው ዓርብ ከዚህ ጋዜጣ ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ ጨምሩልን። መልሱን በሠንጠረዡ አቋራጭ ብቻ ሳይሆን እርከን በእርከን ጭምር አሳዩ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ አንዱ ጋ ስሕተት አለ ማለት ነው።